የጨለማው ክፍልና የኮምፒዩተሩ ፎቶግራፍ

ፎቶግራፍ ያየውን ብቻ የሚናገር ምስክር ነው ተብሎ ብዙ ዘመን ታምኖ ኖሯል። ኮምፒዩተር መጥቶ ሥዕሉን እንደ ልብ ቢለዋውጠው ግን፣ ድሮ በጨለማ ክፍል ይታተም የነበረው እውነተኛ፣ የአሁኑ ሐሰተኛ ነው የሚሉ ሰዎች ተነሥተዋል። ነገሩን ጠጋ ብሎ ለሚመረምር ሰው ልዩነቱ በዚህ አይደለም።

አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ አንሰል አዳምስ በ1941 ዓ.ም. (ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በኒው ሜክሲኮ፣ ሄርናንዴዝ በምትባል መንደር ላይ ወጥታ የነበረችውን ጨረቃ አነሣ። በመቃብሩ መስቀሎች ላይ ያረፈው የማታ ፀሐይ ሊያመልጠው ሆነ፤ የብርሃን መለኪያውን ፈልጎ ቢያጣው፣ የጨረቃን የብርሃን መጠን በቃሉ ያውቅ ነበርና በዚያ አስልቶ አነሣው። ኔጌቲቩ አንድ ነው፤ ከእርሱ የታተሙት ወረቀቶች ግን አይመሳሰሉም። በማተሚያው መብራትና በወረቀቱ መካከል እጅ ወይም ቁራጭ ካርቶን ሲገባ፣ የተጋረደው ስፍራ ይነጣል፤ ብርሃን የጠገበው ይጠቁራል። በመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች ደመና ይታይበት የነበረው ሰማይ በኋለኞቹ እጅግ ጠቁሯል። አዳምስ ኔጌቲቩን በተጻፈ ዜማ፣ ኅትመቱን በሚዜመው ድምፅ ይመስለው ነበር፤ ምልክቱ አንድ ሲሆን የመሪጌታው ድምፅ ልዩ ልዩ መሆኑን ለሊቃውንቱ መንገር አያሻም።

በ1990 ዓ.ም. መሸጥ የጀመረው ፎቶሾፕም ይህንኑ ሥራ ወርሷል፤ የማጥቆሪያው ምልክት ብርሃን ለማሾለክ የታጠፈ እጅ ነው።

በጨለማው ክፍል ክፉ ሥራም ተሠርቷል። በሞስኮና በቮልጋ ቦይ ዳር ከስታሊን ጋራ የተነሣው ኒኮላይ ዬዦቭ በ1940 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ ከሥዕሉ ተፍቆ፣ በቆመበት ስፍራ ውሃ ተተካበት። የመጀመሪያው ሥዕል ስለ ተረፈ ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ የፋቂው ሥራ ተገለጠ። ብራና የፋቀ ጸሐፊም እንዲሁ ሻካራውን ትቶ ይሄዳል።

ኮምፒዩተር ሻካራ አይተውም። በ1982 ዓ.ም. ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው መጽሔት የጊዛን ፒራሚዶች ከሽፋኑ ጥበት ጋራ ለማስማማት አቀራርቧቸው ብዙ ወቀሳ ደረሰበት። ያን ጊዜ መኪናው ውድና ብርቅ ነበረ፤ ዛሬ ሥራው በኪስ ስልክ ያልቃል። ኔጌቲቭ ማንም ሳያስብበት የሚቀር ምስክር ነበረ፤ የዲጂታሉ ምስክር ግን የሚተርፈው ባለቤቱ አስቦ ካስቀመጠው ብቻ ነው። የታረመውን ተቀብሎ ካሜራው የሰጠውን የመጀመሪያ ፋይል የማይጠይቅ የመዝገብ ቤት ሹም፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በዚያ ሥነ ሥርዓት ላይ ማን ከማን አጠገብ እንደ ቆመ ለሚጠይቅ ሰው የሚያሳየው ሥዕል አይኖረውም።