ለፕላትሌት የሚዋጥ ክኒን እንዴት ይፈተናል?

ጤነኛ ሰው በአንዲት ማይክሮሊትር ደሙ ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ፕላትሌት አለው። የደም ሥር ሲቀደድ ተረባርበው የሚደፍኑት እነሱ ናቸው። አይቲፒ በሚባለው ሕመም ግን የሰውነት መከላከያ የገዛ ፕላትሌቶቹን ባዕድ አድርጎ ይቆጥርና ፀረ እንግዳ አካል ይለጥፍባቸዋል፤ ጣፊያም እየለቀመ ያጠፋቸዋል። ታማሚው ሳይመታ ይበልዛል፣ ነስር አልቆም ይለዋል።

ጥፋቱ ደም ውስጥ መሆኑ የታወቀው በድፍረት ነው። በ1950 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ከተማ፣ ሐኪሙ ዊሊያም ሃሪንግተን የአንድ ታማሚ ደም ግማሽ ሊትር ያህል ወደ ራሱ ደም ሥር አስገባ። በሰዓታት ውስጥ ፕላትሌቱ አሽቆለቆለ፤ በጠና ታሞም ከቀናት በኋላ ዳነ። ዛሬ ይህን የሚፈቅድ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይገኝም፤ ደግሞም ልክ ነው።

የዛሬው ችግር ሌላ ነው፤ የፕላትሌት ቁጥር ያለ መድኃኒትም ይወጣል፣ ይወርዳል። መቅኔን ለሥራ የሚያነቃቃው ኤልትሮምቦፓግ የተባለ ክኒን ሲፈተን (ውጤቱ በ2011 ታትሟል) ከወሰዱት ውስጥ 79 ከመቶዎቹ ቢያንስ አንድ ጊዜ 50,000 ደረሱ። ግን መድኃኒት የሌለበትን አስመሳይ ክኒን፣ ማለትም ፕላሴቦ፣ ከዋጡትም 28 ከመቶው እንዲሁ ደርሰዋል! ፕላሴቦ ባይኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ለክኒኑ ምስጋና ይሆን ነበር።

ስለዚህ በሪልዛብሩቲኒብ ላይ የተደረገው ሉና 3 የተባለ ጥናት መስፈርቱን አጠበቀ። ይህ ክኒን ቢቲኬ የተባለውን ኢንዛይም ይገታል፤ በዚህም ፀረ እንግዳ አካል መመረቱንም፣ ፕላትሌት መዋጡንም ያዳክማል። በሌሎች ሕክምናዎች ያልተሻላቸው 202 አዋቂዎች በዕጣ ተመደቡ፤ 133ቱ በቀን ሁለቴ 400 ሚሊግራም፣ 69ኙ ፕላሴቦ። ማን ምን እንደሚውጥ ሐኪሙም ታማሚውም አያውቁም። አንዴ ብቅ ማለት አይበቃም፤ ከ24 ሳምንቱ በመጨረሻዎቹ 12 ሳምንታት፣ ቢያንስ በሁለት ሦስተኛው ቁጥሩ ከ50,000 መውረድ የለበትም፤ ያውም ያለ ሌላ ነፍስ አድን መድኃኒት። 23 ከመቶው አለፉ። ከፕላሴቦው ወገን ግን አንድም አላለፈም።

23 ትንሽ ይመስላል፤ እኔ ግን ከ79ኙ ይልቅ ይህን አምናለሁ። ተቅማጥና ማቅለሽለሽ የተለመዱ ጉዳቶቹ ሲሆኑ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በነሐሴ 2025 ፈቅዶታል። ጥናቱ አንድ ርኅራኄም ነበረው፤ እስከ 12ኛው ሳምንት ለውጥ ያላየ ሰው ዕጣው የሰጠውን ትቶ እውነተኛውን ክኒን መጀመር ይችል ነበር።