ቀይ እስክሪብቶና የተማሪው ድርሰት

ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ድርሰት ጻፍ ሲባል ለምን ይጨንቀዋል? ብሔራዊ ፈተናውን ያለፈው ትክክለኛውን ፊደል እየመረጠ ነውና። በዚያ ላይ የከፍተኛ ትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ሐሳቡን ሳይጨርስ ቃል ፍለጋ ይሄዳል።

የሥነ ጽሑፍ ትምህርቱም የራሱ ጣጣ አለው። «መቼት» የሚለው ቃል ከ«መቼ» እና ከ«የት» መገኘቱን ተማሪው ያውቃል፤ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን መቼት ሲጠየቅ ግን የጓደኛውን ማስታወሻ ይገልጣል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ይህን የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ ሳያነብ ፈተናውን የሚያልፍ ስንቱ ነው!

መድረሳ ያደገው ተማሪ ደግሞ ሌላ ሀብት ይዞ ይመጣል። ነህው የቀራ ልጅ የዐረፍተ ነገርን አሠራር የሚያይበት ዓይን አለው። የወሎ ልጅ ከሆነም፣ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈው የአማርኛ መንዙማ ምጣኔው ከልጅነቱ በጆሮው ገብቷል። ነገር ግን ይህን ከሥነ ጽሑፍ አይቆጥረውም፤ ክፍል ውስጥ ካልተነሣ ከየት ይቁጠረው? አንድ ክፍለ ጊዜ ለመንዙማ ቤት አመታት ቢሰጥ፣ ዝም ብሎ የሚቀመጠው ተማሪ አስረጂ ይሆናል።

እርማቱስ? መምህሩ ስልሳ ወረቀት ተሸክሞ ቤቱ ሲገባ የሚቀለው የፊደል ስሕተት መልቀም ነው። ወረቀቱ በቀይ ተዥጎርጉሮ ይመለሳል፤ ተማሪው ውጤቱን አይቶ ያጥፈዋል፤ በቃ። እኔ ብጠየቅ፣ ኅዳጉ ላይ «ይህን በዓይንህ አይተኸዋል ወይስ ሰምተህ ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ ሰፍሮበት ድርሰቱ እንደገና ይጻፍ እላለሁ። ሉህ አጥቦ ደግሞ መጻፍ ለደረሳ እንግዳ ነገር አይደለም። ውጤቱም ከሁለተኛው ጽሑፍ ላይ ይያዝ።