የላሊበላ ዕጣን ሥሩ ቆላ ነው

የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አሥራ አንድ ናቸው፤ በአንዳቸውም ቅዳሴ ያለ ዕጣን አይከናወንም። ከተማዋ የተቀመጠችው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን ነጩን ዕጣን የሚሰጠው ዛፍ ግን ደጋ አይወጣም። የሳይንስ ስሙ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ የሆነው ይህ ዛፍ ከ1,800 ሜትር ብዙም በማያልፍ፣ ድንጋያማና ሞቃት ተዳፋት ላይ ይበቅላል፤ በመተማ፣ በቋራ፣ በዋግ ኽምራ አበርገሌና በትግራይ ቆላማ ቦታዎች። ላሊበላ ላለችበት ለላስታ ቅርቡ የአበርገሌው ነው። ተከዜም ከላስታ ተራሮች ተነሥቶ፣ ሸለቆውን እያጠለቀ ወደዚያው ቆላ ይወርዳል። የዕጣን ዛፍ ግን ዛሬ ተተኪ እያጣ ነው። ተተኪ እንዲያገኝ ከለቀማና ከግጦሽ የማሳረፉን ወጪ በቆለኛው ትከሻ ላይ ብቻ መጣል ደግሞ ፍትሕ አይደለም፤ ዕጣን የሚያጤሰው ደገኛም ወጪውን መጋራት ይገባዋል።

ዛፉን ጠጋ ብሎ ላየው ቅርፊቱ እንደ ስስ ወረቀት እየተላጠ ይነሣል። ቅጠል የሚያወጣው በክረምት ነው፤ በጋ ሲገባ ራቁቱን ቆሞ ያብባል፣ ያፈራል። ዕጣኑም የሚለቀመው በዚያው በበጋ ነው። ለቃሚው መንጋፍ በሚባለው ስለታም መሣሪያ የግንዱን ቅርፊት በትንሹ ይልጣል፤ ከቁስሉ ነጭ ፈሳሽ ይወጣና አየር ሲያገኝ ጠጥሮ እንባ የመሰለ ፍሬ ይሆናል። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ለቃሚው ተመልሶ የደረቀውን ያነሣና ቁስሉን ጥቂት ያሰፋዋል፤ ይህም እስከ ዝናቡ መግቢያ ይደጋገማል። ለዛፉ ሙጫው የቁስል መድፈኛ ነው። የሚሠራውም አበባና ዘር ከሚሠራበት ከዚያው ስንቅ ነው፤ ለአንዱ የሚወጣው ከሌላው ይጎድላል። በኤርትራ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ልዩነቱን በቁጥር አሳይቷል፦ ካልቆሰሉ ዛፎች ከተሰበሰበው ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ ዕጣን ከሚለቀምባቸው ዛፎች የተገኘው ግን 16 በመቶ ያህል ብቻ ነበር የበቀለው።

ገበያው በዕጣን ሞልቶ ሳለ ይህ ሁሉ ስጋት ከየት መጣ የሚል አይጠፋም። ገበያው የሚነግረን ግን ስለ ትልልቆቹ ዛፎች ነው እንጂ ስለሚተኩአቸው አይደለም። የዛሬው ዕጣን የሚፈሰው ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በፊት በቅለው ካደጉ ዛፎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና 23 የዕጣን ደኖችን የመረመረ ጥናት፣ ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ደኖች ውስጥ ወጣት ዛፍ እንደሌለ አረጋግጧል፤ ሁኔታው ካልተለወጠም ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ገምቷል። ጥጃ የሌላት ላም እየታለበች ነው። ጥፋቱን በለቃሚው ላይ ብቻ መደፍደፍ ደግሞ ስሕተት ይሆናል። በስድ የተለቀቀ ከብት ችግኙን ይግጣል፣ ይረግጠዋል፤ የበጋ እሳት የተረፈውን ይልሰዋል፤ በመተማ በኩል ለሰሊጥ እርሻ የሚመነጠረው መሬት አለ፤ ግንድ የሚቦረቡር ጥንዚዛም የተዳከመውን ዛፍ ይጥለዋል።

እንግዲያስ ለቀማው ይከልከል? እንዲህ ያለው ክልከላ ዛፉን የሚያድነው አይመስለኝም። ቆለኛው ከዛፉ የሚያገኘው ገቢ ከተቋረጠ ደኑ በዓይኑ ፊት ባዶ መሬት ይሆናል፤ ቀጥሎ የሚመጣው እርሻ ነው። በዘመቻ ችግኝ እንትከል የሚለውም ሐሳብ በቀና ልብ የሚቀርብ ቢሆንም የዛፉን ጠባይ ይዘነጋል። የዕጣን ችግኝ በየበጋው ከመሬት በላይ ያለው ክፍሉ ይደርቃል፤ ከሥሩ እንደገና እያቆጠቆጠ ግንድ ለማቆም ዓመታት ይወስድበታል። በእነዚያ ዓመታት ከከብትና ከእሳት የሚጠብቀው ከሌለ የተከላው ቀን ድካም ከንቱ ነው። የሚሻለው መንገድ የደኑን አንድ ክፍል ለዓመታት ከመንጋፍም ከከብትም ማሳረፍ፣ ሌላውን መልቀም፣ ከዚያ ማፈራረቅ ነው። በሚለቀመውም ላይ ቁስሉን መቀነስ ይቻላል፤ የሙጫው ቧንቧዎች በብዛት የሚገኙት በውስጠኛው ቅርፊት ጥልቅ ጥቂት ሚሊሜትሮች ላይ መሆኑን በኢትዮጵያ የዕጣን ዛፍ ላይ የተሠራ ጥናት አሳይቷልና፣ በልኩ የገባ ጥቂት ቁስል ከብዙ ላዩን ከተላጠ ቁስል የበለጠ ሊያስገኝ ይችላል።

ይህ ዓይነቱ ክለላ ለላስታ ሰው እንግዳ አይደለም። በየደብሩ ቅጥር ግቢ ወይራና ጽድ ቆመው የሚታዩት፣ ዙሪያው ተራቁቶ እንኳ፣ ምእመኑ መጥረቢያና ከብት ስላላስገባ ነው። አጥር ባለው ትንሽ ግቢ የሚሠራው በሰፊ ቆላ ደን ላይ አይሠራም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እውነትም አለው። ቆላው የብዙ ሰው ግጦሽ ነው፤ ዕረፍት ማለት ለአንዳንዱ ቤተሰብ የተቀነሰ ገቢ ማለት ነው። ወጪው ወደ ደጋው መውጣት ያለበትም ለዚህ ነው። ለጥና ዕጣን የሚገዛ ደብር፣ ለቡናዋ ማጨሻ የምትገዛ እማወራ፣ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ዋጋ ላይ ጥቂት ቢጨምሩና ጭማሪው ዕጣን ለቃሚ ማኅበራት ላሳረፉት ደን ቢከፈል፣ ለቆለኛው ማሳረፍ ከማቁሰል እኩል ያዋጣዋል። ደብሮች ገንዘብ የላቸውም የሚባለው ትክክል ነው፤ ቢሆንም ዕጣኑ ሲጎድል ዋጋው ለሁሉም ይወደዳል፤ ያን ጊዜ የሚከፈለው ብር ደግሞ ችግኝ አያሳድግም። ክለላው መጀመር ያለበት ሽማግሌዎቹ ዛፎች ገና ዘር መጣል እየቻሉ ነው።