የእጅ ጽሕፈት፦ ከብራና እስከ ሀዋሳ ደብተሮች

በሀዋሳ ከተማ በአንድ ተማሪ ቦርሳ ውስጥ ሁለት የጽሕፈት ሥርዓቶች ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ። አማርኛ በግዕዝ ፊደል፣ ሲዳምኛ (ሲዳሙ አፎ) ደግሞ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። ሁለቱ እንግዶች ቢመስሉም የሩቅ ዘመዳማች ናቸው፤ ምንጫቸው ጥንታዊው የሴማውያን ፊደል ነው። ክቡ “ዐ” እና የላቲኑ ክብ “ኦ” ሁለቱም ከዐይን ምስል የመጡ ናቸው።

የግዕዝ ፊደል ከደቡብ ዓረብ ጽሕፈት የተገኘ ሲሆን በመጀመሪያ ተነባቢ ድምፆችን ብቻ ያመለክት ነበር። በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ኢዛና ዘመን፣ አናባቢዎችን የሚያሳዩ ቅጥያዎች ተጨምረው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ እርከኖች ተለዩ። 26ቱ የግዕዝ ሆሄያት 182 ቅርጾች ሲኖሯቸው፣ አማርኛ እንደ “ሸ”፣ “ኘ” እና “ጨ” ያሉትን በመጨመር ሆሄያቱን 33 አድርሷል።

ይህ ፊደል ለዘመናት የኖረው በቁም ጸሐፊዎች እጅ ነው። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮና ተፍቆ ብራና ይሆናል፤ መስመሩ በወስፌ ይሰመራል። ከዚያም በመቃ ብዕር፣ ጽሑፉ በጥቁር፣ የከበሩ ስሞችና አርዕስት በቀይ ቀለም ይጻፋሉ።

የሲዳምኛ ጽሕፈት ታሪክ አጭር ቢሆንም ትምህርት ሰጪ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቋንቋው በግዕዝ ፊደል ይሰጥ ነበር፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ ላቲን ተሸጋገረ። በሲዳምኛ የድምፅ መጥበቅና መርዘም የቃልን ትርጉም ይለውጣል፤ ላቲኑ ይህንን ሆሄ በመድገም ያሳያል። በግዕዝ ፊደል ግን ጠብቆ የሚነበበውና ላልቶ የሚነበበው በአንድ ዓይነት ይጻፋል። በዚህ ሽግግር ምክንያት በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በፊደል የተማሩ ወላጆችና በላቲን የሚጽፉ ልጆች ሊገናኙ ይችላሉ።

ስለዚህ ልጆች ሁለቱንም ጽሕፈት ለየብቻ ሊለማመዱ ይገባል። በግዕዝ ፊደል ትንሿ ቅጥያ ድምፁን ትለውጣለችና ጥንቃቄ ያሻል፤ “ሰ”ን ከ“ሱ” የምትለየው አንዲት አጭር ጭረት ናት። በላቲን ደግሞ ትልቁንና ትንሹን ሆሄ መለየት፣ የተደገመውንም አለመዝለል ያስፈልጋል። ወላጆች የሚያውቁትን ጽሕፈት ለልጆቻቸው ቢያሳዩ፣ ልጆችም የእነርሱን ቢያሳዩ፣ ሁለቱ ትውልዶች አንዱ የሌላውን ደብዳቤ ማንበብ ይችላሉ።