የግማሽ ኢንች ሽቦና የአንድ ዶላር ካሳ

የንብረት ጥያቄ የሚለካው በመሬት ስፋት ወይም በፎቅ ብዛት ብቻ የሚመስለው ካለ፣ በኒውዮርክ ከተማ በአንዲት የኪራይ ቤት ባለንብረትና ቴሌፕሮምተር በተባለው የኬብል ቴሌቪዥን ኩባንያ መካከል የተካሄደውን ሙግት በጥሞና ሊመረምር ይገባዋል። ለዓመታት ያሟገታቸው ውፍረቱ ግማሽ ኢንች የማይሞላ፣ ርዝመቱ 30 ጫማ ያህል የሆነ ሽቦ ነበር።

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1970 ሽቦውን በማንሃታን በሚገኝ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ላይ የዘረጋው የቀድሞውን ባለቤት አስፈቅዶ ነው። ወይዘሮዋ በ1971 ሕንፃውን ሲገዙ ሽቦ መኖሩን አላወቁም። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሽቦው በመጀመሪያ ወደ ሌሎች ሕንፃዎች መሸጋገሪያ እንጂ ለዚያ ቤት ተከራዮች አገልግሎት የሚሰጥ አለመሆኑ ነው። ለእነርሱ መስመር የወረደላቸው ከግዢው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. ከጥር 1973 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የኒውዮርክ ሕግ አከራዮች የኬብል መስመር እንዳይከለክሉ አዘዘ። ከዚያ በፊት ኩባንያው ለአከራዮች ከየቤታቸው ከሚያገኘው ገቢ 5 በመቶ ያህል ይከፍል ነበር። ጉዳዩን እንዲቆጣጠር የተቋቋመው ኮሚሽን ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል 1 ዶላር በቂ ነው አለ። አከራይ የጣሪያ ጌትነቱን መከታ አድርጎ በተከራዩ ደጅ ቀረጥ ሰብሳቢ ሆኖ እንዳይቆም መከልከሉን አንነቅፍም። ሆኖም 5 በመቶው ከአከራዩ እጅ ሲወጣ በማን ካዝና ቀረ? ይህ ጥያቄ ከሽቦው ይልቅ ወፍራም ነው።

ወይዘሮዋ በ1976 ራሳቸውንና መሰል ባለንብረቶችን ወክለው ክስ መሠረቱ። በግዛቲቱ ፍርድ ቤቶች በየደረጃው ተረቱ። ሰኔ 30 ቀን 1982 ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ6 ለ3 ድምፅ ፈረደላቸው። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ተርጉድ ማርሻል፣ በሰው ንብረት ላይ በሕግ ኃይል በቋሚነት የተተከለ ነገር ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ለሕዝብ ጥቅም ቢውልም እንኳ ንብረትን እንደ መውሰድ ይቆጠራል፣ ካሳም ያስከፍላል አሉ። ሽቦውና ሣጥኖቹ የባለቤቲቱ ንብረት ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችል እንደነበርም አመለከቱ። የቅራኔው ቁልፍ ይህ ነው፤ የሽቦው ስፋት ሳይሆን የሽቦው ጌታ ማንነት። በተቃዋሚነት የቆሙት ዳኛ ብላክመን በበኩላቸው፣ ከአንድ ኩቢክ ጫማ አንድ ስምንተኛ ያህል ለምትሆን ቦታ ይህን ያህል ጥብቅ ደንብ ማውጣት ጊዜው ያለፈበት አስተሳሰብ ነው ሲሉ ተቹ።

የካሳው መጠን እንዲወሰን ጉዳዩ ወደ ኒውዮርክ ተመለሰ። በ1983 የግዛቲቱ ከፍተኛ የይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሕጉን አጸና፤ ካሳውን የመተመን ሥልጣንም ከዚያው 1 ዶላር ይበቃል ካለው ኮሚሽን እጅ አልወጣም። በስማቸው ብዙ የተባለላቸው ተከራዮች ግን በሙግቱ ውስጥ ከሳሽም ተከሳሽም አልነበሩም።