ትንሿ ኩሽኔታ ምርት እንዳታስቀር

ከጎጃም ተነስቶ በሱሉልታ በኩል አዲስ አበባ የሚገባ መንገደኛ ቁልቁለቱን ሲጨርስ የሚቀበለው ጉለሌ ነው። በአዲሱ ገበያና በሽሮ ሜዳ መንደሮች ከማለዳ ጀምሮ የወፍጮ ድምፅ ይሰማል። ጤፉም፣ በርበሬውም፣ ሽሮውም ይፈጫል። ሥራውን የለመደ የወፍጮ ሠራተኛ ማሽኑን በጆሮው ይጠብቃል። ድምፁ ማፏጨት ወይም መንኳኳት ሲጀምር እጁን ወደ ማጥፊያው ይሰዳል። ኩሽኔታው እያለቀ መሆኑን ያውቃልና።

ይኸው ዕቃ በውሃ መሳቢያ ሞተር፣ በመውቂያ ማሽን፣ በትራክተርና በኮምባይነር ውስጥም አለ። ልዩነቱ የጉለሌ ወፍጮ ቢቆም መለዋወጫው ከመርካቶ በሰዓታት ውስጥ መድረሱ ነው። በስንዴ ኩታ ገጠም መሐል የቆመ ኮምባይነር ግን ቀናት ሊጠብቅ ይችላል። በዚህ መሐል ያልወቅቱ ዝናብ ከመጣ የደረሰ ሰብል ይበላሻል።

ኩሽኔታ ምንድን ነው?

የባሕር ዛፍ ግንድ መሬት ለመሬት ከመጎተት ይልቅ ማንከባለል ይቀላል። የኩሽኔታም ምስጢር ይኸው ነው። ውስጠኛው ቀለበት ዘንጉን ይይዛል፤ ውጨኛው በማሽኑ አካል ላይ ይቀመጣል። በመካከላቸው እንደ ብይ የከበቡ የብረት ኳሶች ይንከባለላሉ፤ ማቀፊያው ደግሞ ኳሶቹን አራርቆ ይይዛቸዋል።

ኳሶቹ የሚሠሩት ክሮም ከተቀላቀለበት ጠንካራ ብረት ነው። ወፍራም ሽቦ ተቆርጦ በመጭመቂያ ይድቦለቦላል፤ ትርፍ ጠርዙ ይሞረዳል። ከዚያም ከ800 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ግሎ ዘይት ውስጥ በመነከር ይጠነክራል። በመጨረሻ በሞረድና በማለስለሻ ይስተካከላል። የጥሩ ኳስ የክበት ጉድለት ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ በታች ነው። የአውድማ አቧራ ቅንጣት ከዚህ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ ወደ ውስጥ ከገባ ኳሱንም ቀለበቱንም ይፍቃል።

የዋልካ አፈር ትምህርት

በስዊድን ጎተንበርግ ከተማ ስቬን ዊንግኲስት የተባለ ወጣት መሐንዲስ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ፋብሪካው የቆመበት የሸክላ አፈር ስለሚንቀሳቀስ የማሽኖቹ ዘንጎች ይዛነፉ፣ ኩሽኔታዎቹም ቶሎ ቶሎ ይበላሹ ነበር። መሐንዲሱ እ.ኤ.አ በ1907 ዘንጉ ዘንበል ሲል አብሮ የሚታዘዝ ባለ ሁለት ረድፍ ኩሽኔታ ሠራ። ዛሬ በዓለም የታወቀው ኤስ ኬ ኤፍ የተመሠረተውም በዚያው ዓመት ነው።

በእኛም አገር የዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ወፍጮ የሚተክል ሰው መሠረቱን ማጠንከር፣ የዘንጉንና የቺንጋውን ቀጥታነት በየወቅቱ መፈተሽ ይገባዋል። ዘንጉ ተዛንፎ ኩሽኔታ ብቻ መቀያየር ገንዘብ ማባከን ነው።

ቁጥሩን ማንበብ

በቀለበቱ ጎን የተጻፈው ቁጥር ትርጉም አለው። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች 04 እና ከዚያ በላይ ሲሆኑ በ5 ቢባዙ የውስጡን ቀዳዳ ስፋት በሚሊ ሜትር ይሰጣሉ። ለምሳሌ 6205 እና 6305 ሁለቱም 25 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አላቸው። የውጭ ስፋታቸው ግን 52 እና 62 ነው። ስለዚህ ቀዳዳውን ብቻ ለክቶ መግዛት አይበቃም፤ ሙሉውን ቁጥር መያዝ ያስፈልጋል። ከቁጥሩ ቀጥሎ «ቱ አር ኤስ» የሚል ካለ በሁለቱም በኩል የጎማ ክዳን አለው ማለት ነው። አቧራ ለሚበዛበት ሥራ የሚመረጠውም እንዲህ ያለው ነው።

ዕድሜውን ለማራዘም

አዲስ ኩሽኔታ እስኪገጠም ድረስ ከማሸጊያው አይውጣ። ዘንግ ላይ ሲገጠም ግፊቱ በውስጠኛው ቀለበት ላይ ብቻ ይረፍ። ውጨኛውን በመዶሻ መምታት ኳሶቹ ቀለበቱን እንዲሰረጉዱ ያደርጋል፤ ጉዳቱ የሚታየው ግን ቆይቶ ነው። ግራሶም ሲበዛ ጥሩ አይደለም። በተለምዶ ክፍት ቦታውን ከሲሶ እስከ ግማሽ መሙላት ይበቃል፤ ሲታጨቅ ያግላል። ቺንጋውንም ከልክ በላይ መወጠር አይገባም። በኳስ ኩሽኔታ ላይ ያለው ጭነት እጥፍ ሲሆን ዕድሜው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳልና።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከአጨዳ በፊት ሊሠሩት የሚችሉት ቀላል ሥራ አለ። በወረዳው የሚሠሩ ማሽኖች የኩሽኔታ ቁጥሮች ተመዝግበው፣ ቶሎ የሚያልቁት አስቀድመው ተገዝተው ቢቀመጡ አርሶ አደሩ በአጨዳ ሰሞን አዲስ አበባ ድረስ አይንከራተትም። የመለዋወጫው ዋጋ ከሚያድነው ሰብል ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።