በታቦር የተሰማው ቃል

ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው የደብረ ታቦር በዓል ሲታሰብ አብዛኞቻችን አስቀድመን የምናስበው ብርሃኑን ነው። የሠዓሊዎቻችንም ብሩሽ የሚያተኩረው በጌታችን መልክ መለወጥና በልብሱ መንጻት ላይ ነው። ሆኖም ማቴዎስ በ17ኛው ምዕራፍ እንደሚተርከው፣ ሦስቱን ደቀ መዛሙርት በግንባራቸው የጣላቸው ከደመናው የመጣው የአብ ድምፅ ነበር። ቅዱስ ጴጥሮስም የዕረፍቱን መቃረብ ዐውቆ ሁለተኛይቱን መልእክት በጻፈ ጊዜ፣ በቅዱሱ ተራራ ሳሉ የሰሙትን ያንኑ ድምፅ በምስክርነት አንሥቶታል። በድንጋጤ ስለ ሦስት ዳስ የተናገረው የራሱ ቃልም ቢሆን አልተረሳም፤ የሚለውን ሳያውቅ መናገሩን ሉቃስ መዝግቦበታል።

የዚያን ተራራ ስም በወረሰችው በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ፣ እንደ ሌላው ሀገር ሁሉ ለቡሄ ጅራፍ ይጮኻል። ሊቃውንት ጩኸቱን በታቦር በተሰማው ድምፅ ይመስሉታል። ሕፃናቱ ሙልሙል ተቀብለው ሲመርቁም እመቤቲቱ «አሜን» ሳትል ወደ ጓዳ አትመለስም፤ የሕፃን ምርቃት ነው ብላ አትንቀውም።

ደቡብ ጎንደር የቃል ትምህርት ሀገር ነው። ጋይንት ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው። ተማሪው መጽሐፍ ቢኖረውም ዜማውን የሚቀበለው ከመምህሩ አፍ ነው። የፎገራው ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና ያመነጩት አቋቋምም በልጃቸው በአለቃ ተክሌ አማካይነት በደብረ ታቦር ጸንቶ፣ በልጁ ስም «የተክሌ» እየተባለ እስከ ዛሬ ይዘመማል። ሕዝቡ ግን አለቃን ይበልጥ የሚያስታውሳቸው በቀልዳቸው ነው። በስማቸው የሚነገረው ሁሉ የእሳቸው መሆኑን እጠራጠራለሁ። የሆነው ሆኖ ቀልዱ ሲተላለፍ፣ የተቀለደበት ሰው በዚያች ሌሊት እንዴት እንዳደረ የሚያወሳ የለም።

ይህን የምለው ከአፍ የወጣ አፋፍ መሆኑን በራሴ ስላየሁት ነው። በልጅነቴ ጾመ ድጓ ስቀጽል አንድ መምህር «ይህ ድምፅ ለዜማ አልተፈጠረም፤ ሂድና ሞፈር ጨብጥ» አሉኝ። ጓደኞቼ ሳቁ። ዛሬም በማኅሌት ቆሜ ተራዬ ሲደርስ ያ ሳቅ በጆሮዬ ያልፋል። ከብዙ ዓመታት በኋላ መምህሩን ጉልበት ስሜ ነገሩን ባነሣላቸው፣ መናገራቸውን ፈጽሞ አላስታወሱም።

እኔስ? ባለፈው ዓመት ሕፃናትን ለቡሄ ሳለማምድ፣ አንዱን ልጅ «አንተ እንኳ ዝም በል፤ ታበላሽብናለህ» አልሁት። በዋዜማው ምሽት ከደጄ ሲደርሱ ጓደኞቹ ይጨፍራሉ፤ እርሱ አፉን ዘግቶ በዱላው መሬቱን ብቻ ይመታል። ሙልሙሉን ስሰጠው ቀና ብሎ አላየኝም።

ዘንድሮ ልምምዱ ሲጀመር አስቀድሜ የምጠራው እርሱን ነው። ያን ቃል የተናገርሁት በጓደኞቹ ፊት ነበርና ይቅርታውንም የምጠይቀው በጓደኞቹ ፊት ነው።